ጀልባዋ ቀይ ትሁንልን

በትራንስፖርት ሚኒስቴር አራተኛ ፎቅ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ማብቂያ፣ የጥሪ ደብዳቤው «የመረጃ ማጣሪያ መድረክ» የሚለው፣ የሠራተኛው አፍ ግን «የቀለም ገበያ» ብሎ የሰየመው ስብሰባ ይካሄዳል። ስያሜው ከሐሜት የመጣ አይደለም፤ ጆሮውን በሩ ላይ የጣለ ማንም ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም ነበር። የየዘርፉ ኃላፊዎች ሪፖርታቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ይገባሉ። በረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ላይ የአፈጻጸም ክትትል ክፍል ኃላፊው ይቀመጣል። በእሱ እጅ ሦስት ቀለሞች አሉ፤ ዕቅዱ ለሰመረለት አረንጓዴ፣ ለተንገዳገደው ቢጫ፣ ለወደቀው ቀይ። ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል።

«ይቺን ቢጫ አንሳልኝና በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ራሴው ጠይቄ እወስዳታለሁ» ይላል አንዱ።

«ባለፈው ለባቡሩ ስትለሰልስ አይተንህ የለ? እኛ ጋ ስትደርስ ነው እንዴ አጥንት የምታወጣው?» ይላል ሌላው።

ቀይን ግን የሚለምንም የሚሰጥም አልነበረም። ቀይ የተቀባ ኃላፊ ሚኒስትር ፊት ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠራልና፣ ይህ ቀለም በመመሪያው ላይ እንጂ በሪፖርት ላይ ታይቶ አያውቅም። በማተሚያ ማሽኑ ውስጥ ያለው የቀይ ቀለም ቋት ሥራ በመፍታት ብዛት ደርቆ መቅረቱን እንኳ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

የክትትል ክፍሉ ኃላፊ በመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው «ሚዛኑ» በሚል ቅጽል ነው። ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሰው ሲያዳምጥ ዓይኑን ጣሪያው ላይ የሚተክል፣ ብዙ ያነበበና ካነበበው በላይ የሚተክዝ ሰው ነው። ልክ የሚባለው ነገር ከነገሩ ከራሱ ይመነጫል ወይስ ከለካው ሰው ዓይን የሚለውን ጥያቄ በምሳ ሰዓት ሊያነሣ ይችላል፤ በዚህም የተነሣ ምሳውን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይበላል። ያ ሁሉ የአረንጓዴ ገጽ፣ ልክ ጉድፍ የሌለበት ፊት እንደሚያጠራጥር፣ ውስጥ ውስጡን ያጠራጥረው ነበር። ነገር ግን የሚከነክነውን ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ማሳደር ለምዷል።

ሐሳቡን ከጣሪያው ላይ ጎትታ ያወረደችው ታላቅ እህቱ ናት።

እህቱ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ባለችው ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እሱን ያሳደገችው፣ ያለበሰችውና ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚያችው የስፌት መኪና ነው። ባሏ ከሞተባት ዘመን አልፎታል። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ምላሷ ግን እንደ መርፌዋ ዝጎ አያውቅም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሮው ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ እትዬ። ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም። ላገባ ነው።»

ብዕሩ ከእጁ ላይ አመለጠ። «ማንን?»

«ካፒቴኑን ነዋ! የመሻገሪያ ጀልባዋን ካፒቴን። ጨርቅ ልገዛ ወደ እናንተ ስሻገር፣ ስመለስ፣ ስሻገር፣ ስመለስ… አሁን ላንተ ይሄን እንዴት አድርጌ ላስረዳህ? አንተ መጽሐፍ እንጂ ሰው አታነብ!»

«እትዬ…» አለና ከወንበሩ ተነሣ። በዕድሜው ሙሉ ለሌላ ሰው ልብስ ስትሰፋ ያያት እህቱ ለራሷ የሙሽራ ልብስ ልትሰፋ ነው። «እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታውቂ! መቼ ነው ሠርጉ?»

«እሱን ለመጠየቅ እኮ ነው የደወልኩልህ። ጀልባዋ የመጣች ዕለት ነው።»

«የት ሄደች?»

«የት አባቷ ትሄዳለች! እናንተው ዳርቻ ታስራ ቆማለች። ጎርፉ በኛ በኩል ያለውን ማረፊያ መድረክ ጠራርጎ ከወሰደው ወዲህ መች ተሻግራ ታውቃለች? ምን ላይ ልትጠጋ? ታንኳዎቹ ደግሞ አደጋ አለው ተብሎ ተከለከሉ። ሰዉ ሁሉ እዚሁ ቁጭ ብሎ ውሃ ያያል።»

«በመንገድ ዞረሽ በአውቶቡስ ብትመጪስ? ሙሉ ቀን ይፈጃል እንጂ…»

«ምን አልክ?» አለች፤ የስፌት መኪናዋ ሲቆም በስልኩ ውስጥ ተሰማው። «የጀልባ ካፒቴን አግብቼ በአውቶቡስ ተንገጫግጬ ልሙሸር? ሰው ምን ይለኛል? እሱስ ምን ይሰማዋል? የተዋወቅነው በጀልባዋ ላይ ነው፤ የምንጋባውም በሷ ላይ ነው ብለን ቃል ተግባብተናል። ለመሆኑ አንተ እዚያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ውስጥ ወንበር የምታሞቀው ለምንድን ነው? እስቲ አንድ ቀን ለእህትህ አንድ ጀልባ አንቀሳቅስ!»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

ምክትሉ ከአጠገቡ ጠረጴዛ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከንፈሯን ሁልጊዜ ደማቅ ቀይ የምትቀባ፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚለይ ጎልማሳ ሴት ናት። ሳይጠይቃት የወንዝ ትራንስፖርቱን ገጽ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ እኮ አረንጓዴ ናት። ከጎርፉ በፊትም አረንጓዴ፣ ከጎርፉ በኋላም አረንጓዴ።»

«ሳትሻገር?»

«የአፈጻጸም አመልካቹ መሻገሯን መች ይጠይቃል? ‹በዕለቱ መጀመሪያ ሞተሩ የተነሣ ተሽከርካሪ ወይም ጀልባ ለአገልግሎት ዝግጁ…›»

ዓረፍተ ነገሩን እስክትጨርሰው አልጠበቀም፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው። መመሪያው በተረቀቀበት ዘመን ይህችን ሐረግ አጭር፣ ጥርት ያለች፣ ማንም ሊከራከራት የማይችል ብሎ ኮርቶባት ነበር። ሞተር ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም። በመሃል ትርጓሜ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ካፒቴኑ በየማለዳው ሞተሩን ያስነሣል፤ የመሻገሪያው ጸሐፊ «ተነሥቷል» ብሎ ይልካል፤ አራተኛ ፎቅ አረንጓዴ ይቀባል። ሁሉም የየድርሻውን በሐቅ ሠርቷል፤ የሁሉም ሐቅ ተደምሮ የወጣው ውጤት ግን ታስራ የቆመች ጀልባ ናት። አረንጓዴ የሆነ ነገር ደግሞ ማን ይጠግነዋል?

እዚያው መመሪያ ላይ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሌላ ሐረግ ነበር። ቀይ የወጣበት አገልግሎት ከጥገና መጠባበቂያው በጀት ቅድሚያ ያገኛል ይላል። ቀይ የደፈረ ስለሌለ ይህችም ሐረግ እንደ ማተሚያው ቋት ደርቃ ኖራለች።

«ጀልባዋ ቀይ ብትሆን» አለ ሚዛኑ ቀስ ብሎ፣ «ማረፊያው በአጭር ጊዜ ይሠራል።»

«ቀይ እንድትሆን ደግሞ ሞተሯ መነሣቱን ማቆም አለበት» አለች ምክትሉ።

ተያዩ። ሚዛኑ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረው ስለ ቀጥተኛነት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን የመጀመሪያውን ተንኮሉን ወጠነ።

በማግስቱ ማለዳ ወንዙ ዳር ደረሰ። ጉም ውሃው ላይ ተኝቷል። ጀልባዋ ሆዷ ሰፊ፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ በወፍራም ገመድ ከግንድ ጋር የታሰረች ናት። ካፒቴኑ የተቦረሸ ቆቡን አጥልቆ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መሪው ክፍል ውስጥ ቆሟል። ደረቱ የሰፋ፣ ሲራመድ ወለሉ የሚንቀጠቀጥለት ሽማግሌ ነው። እንግዳውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አማቼ! ና፣ ና ግባ! በሰዓቱ ነው የደረስከው፤ አሁን ልንገናኝ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሣ። ጀልባዋ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሴት ተንጠራራች፤ ገመዱ ግን አልተፈታም። ከዚያ የጡሩምባውን ሰንሰለት ያዘና አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር ነፋ። ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ አለፈ። ማዶ፣ ከአንድ ቤት ሰገነት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቢጫ ነገር ብቅ ብላ ተውለበለበች።

«ዛሬ ቢጫ ነው» አለ ካፒቴኑ፤ ዓይኖቹ ውሃ አቀረሩ። «ትናንት ሐምራዊ ነበር። ከስፌት የተረፋትን ቁራጭ ነው የምታወጣው፤ አንድም ቀን ደግማ አታውቅም። እስቲ ይህችን የመሰለች ሴት የት ትገኛለች?»

ሚዛኑ ጨርቋን በዓይኑ ተከተለ። ለካ እሱ በየቀኑ «ዝግጁ» እያለ የሚቆጥረው ይህንን ነው! ጀልባዋ ሰው አታሻግርም እንጂ በየማለዳው የምታሻግረው ነገር አላት፤ ለዚያኛው ጭነት ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ ዓምድ አልተሰመረለትም። የመጣበትን ጉዳይ ለማንሣት አንደበቱ ከበደው።

«ጋሽ ካፒቴን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ነፍሴን ጠይቀኝ!»

«ሞተሩን እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ እንዳያስነሡት።»

ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ። «ከነፍሴ ውጭ ያለውን ጠየቅከኝ እኮ።»

ሚዛኑ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳው፤ ስለ አመልካቹ፣ ስለ ቀይ፣ ስለ ጥገናው። ካፒቴኑ በጥሞና አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞተሩ ካልተነሣ ጡሩምባው አይነፋም። ጡሩምባ ካልሰማች ሞተ ትላለች። ወይ ደግሞ፣ ከዚያ የባሰ፣ ሐሳቡን ቀየረ ትላለች።»

«ደውለው ያስረዷታላ።»

«አንተ እህትህን በስልክ አስረድተህ ታውቃለህ?»

ሚዛኑ አሰበ። አስረድቶ አያውቅም።

«ደግሞስ» አለ ካፒቴኑ የጀልባዋን ግድግዳ እየደባበሰ፣ «ጤነኛዋን ሞተር ታማለች ብለህ ልታስወራባት ነው? ይቺ ምስኪን ምን በደለችህ? የተሰበረው ማረፊያው ነው። ቀይ ካስፈለገህ እውነቱን ተናግረህ አምጣው።»

ሚዛኑ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ተከዘ። ተንኮሉን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ፍቅር ገድሎታል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቀለም ገበያው መሃል፣ በሰው ሁሉ ፊት ያልፋል። ይሁንና ቢጫዋ ቁራጭ ጨርቅ ዓይኑ ላይ መጣችና ሳያስበው ፈገግ አለ። ከፊቱ የተቀመጠችው ሴትዮ ለእሷ የሳቀ መስሏት ፊቷን አዞረች።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ኃላፊዎቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ በሩ ተከፈተና አዲሷ ሚኒስትር ገቡ። ከተሾሙ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም፤ ወደዚህ ስብሰባ ሚኒስትር ዝር ብሎ አያውቅም። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ተነሣ።

«ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ገበያ አለ ሲሉኝ ልገበይ መጥቼ ነው» አሉና መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሳቁ ከጉሮሮ አላለፈም። የውሃ ትራንስፖርት ኃላፊው ክራቫቱን አስተካከለ። ከአረንጓዴ በቀር ሌላ ቀለም ተቀብሎ ስለማያውቅ ሰዉ «አረንጓዴው» ይለዋል፤ ክራቫቱም አረንጓዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። መጥፎ ዜና ይዞ ወደ ማንም ፊት መቅረብን እንደ ሞት የሚፈራ፣ ላቡ ቶሎ የሚመጣ፣ ወፍራም ደግ ሰው ነው።

ተራው ሲደርስ ሚዛኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመሻገሪያ ጀልባዋ። ቀይ።»

ሰው ሁሉ ወደ አረንጓዴው ዞረ።

«ምን አልክ ወንድሜ?» አለ አረንጓዴው። «ቀልድህ ነው አይደል?»

«የምሬን ነው።»

«ዝግጁነቷ እኮ ሙሉ ነው! አንድም ቀን አልጎደለም! በገዛ መመሪያህ!»

«መመሪያው ሞተር መነሣቱን ይለካል። ጀልባ የተሠራችው ግን ሞተሯ እንዲነሣ ሳይሆን ሰው እንድታሻግር ነው። ሐረጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምለውጠውም እኔ ነኝ። ከጎርፉ ወዲህ ስንት ሰው አሻገረች?»

«እሱ በአመልካቹ ውስጥ የለም።»

«ስንት?»

አረንጓዴው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ገልብጦም እንደገና አገላበጠ። «እንግዲህ ከጎርፉ ወዲህ… ያው… ማንንም።»

የባቡሩ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ቆይ እስቲ፤ ዛሬ ጀልባን በሰው የለካህ፣ ነገ እኛን በምን ልትለካን ነው?»

«በሰው ነዋ!» አለች ምክትሉ ከጥግ። ጉርምርምታ ተነሣ።

አረንጓዴው ግን የመጨረሻ ካርታውን መዘዘ። «ለምን እንደሆነማ ሁላችንም እናውቃለን! እህቱ ልታገባ ነው! ሙሽራይቱ ማዶ፣ ሙሽራው ወዲህ፣ ያውም ካፒቴኑ ራሱ! ክብርት ሚኒስትር፣ ይሄ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ የሠርግ ጉዳይ ነው!»

አሁን ሳቁ ፈነዳ። ሚዛኑ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ጣሪያው ሊሸሽ ዳድቶት ነበር፤ መልሶ አወረደውና ሚኒስትሯን አየ።

«እውነት ነው። እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ግን ማዶ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። ገበያተኛው አለ፣ ሐኪም ፈልጎ የሚመጣው አለ፣ የልጅ ልጁን ማየት ያማረው አለ። እኔ እነዚህን ሁሉ በየሩብ ዓመቱ አረንጓዴ ስቀባቸው ኖሬያለሁ፤ አንዳቸውም ደውለው አልተቆጡኝም። እህቴ ግን አረንጓዴ ስትቀባ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።»

ሚኒስትሯ በመዳፋቸው አፋቸውን ከደኑ፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው። ሳቃቸው ሲበርድ ጠየቁ። «ቀይ ሲሆን ምን ይከተላል?»

«ሁለት ነገር ነው ክብርት ሚኒስትር። አንደኛው፣ ኃላፊው እርስዎ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ጥገናው ቅድሚያ ያገኛል።»

«ኃላፊው አሁንስ የት ነው ያሉት? ፊቴ አይደሉም እንዴ?» ወደ አረንጓዴው ዞሩ። «እንግዲህ ቀረቡ ማለት ነው። አለቀ፤ ያን ያህልም አያምም አይደል? አሁን ይንገሩኝ፣ ማረፊያውን ለማሠራት ምን ይፈልጋሉ?»

የአረንጓዴው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ብረት… ግንድ… አንድ መሐንዲስ፣ ጥቂት ሠራተኛ…»

«እስከ ዛሬ ጠይቀው ያውቃሉ?»

«አረንጓዴ ሆኜ ምን ብዬ ልጠይቅ ክብርት ሚኒስትር?»

ከዚያ ሁሉ ዓመት ክርክር ውስጥ በዚያ ክፍል የተነገረው የመጀመሪያው ቅን ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም። አረንጓዴው ራሱም የተናገረውን መልሶ የሰማው ይመስል ደነገጠ፤ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ብርሃን ቀስ እያለ ወጣ። ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«እንግዲያው ቀይ ትሁንልኝ! ጀልባዋ ቀይ ትሁንልኝ! ደማቅ ቀይ!»

«እንደሱ ከሆነማ» አለ የባቡሩ ኃላፊ ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ «እኔም ጋ አንድ ድልድይ አለች፤ ስንት ጊዜ ቢጫ ብላችሁ አዋርዳችኋታል…»

«የኔስ ጋራዥ? ጣሪያው ያፈሳል እኮ! ከሱ የባሰ ቀይ ከየት ይመጣል?»

«ያንተማ ቢበዛ ቢጫ ናት፤ እኔ ነኝ ያለቀልኝ!»

ገበያው ተገለበጠ። የትናንት አረንጓዴ ለማኞች ዛሬ ቀይ ሊሻሙ ብድግ ብድግ አሉ። ሚዛኑ እጆቹን ዘርግቶ ቀለሙን እንደ እናት ሀብት ሲከላከል ድምፁ ሻከረ። «ቀይ በነፃ አይታደልም! ማስረጃ አምጡ! ተራ ጠብቁ!» እንዲህ ደስ ብሎት ጮኾ እንደማያውቅ ያስተዋለችው ምክትሉ ብቻ ናት።

ሚኒስትሯ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «እርስዎ ግን የሙሽራዋ ወንድም ስለሆኑ ከዚህኛው ላይ እጅዎን ያንሡ። ምክትልዎ ቦታውን አይታ ትፈርም። የሠርጉን ጥሪ ደግሞ እንዳይረሱኝ።»

ምክትሉ በአውቶቡስ ዞራ ማዶውን አይታ፣ ወገቧን ይዛ ተመለሰችና ፈረመች። ሪፖርቱ ሲታተም ግን ከጀልባዋ ስም ፊት ለፊት የወጣው ቀይ ሳይሆን የገረጣ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ጥላ ሆነ። ቋቱን ቢያወጡት ደርቆ ኮረት ሆኗል።

«ለዚህ ሁሉ ዘመን ድካም መጨረሻው ይሄ?» አለ ሚዛኑ።

«ጋሼ፣ እኔ ቆሜ?» ቦርሳዋን ከፈተች፤ የከንፈር ቀለሟን አወጣች፤ በሚኒስትሯ ቅጂ ላይ አንዲት ክብ፣ የምታምር፣ የምታበራ ቀይ አሳረፈች። «ውድ ነው፤ ለማንም አላባክነውም። ለሠርግ ግን ይሁን።»

ሚዛኑ ወዲያው ማዶ ደወለ። «እትዬ! ጀልባዋ ቀይ ሆነች!»

«ምን? ተቃጠለች?»

«አልተቃጠለችም! ቀይ ሆነች፤ ጥሩ ነገር ነው!»

«እናንተ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀይ ጥሩ የሆነው?»

«ከዛሬ ወዲህ» አለ፤ ለማስረዳት ግን አልሞከረም። ካፒቴኑ አስተምሮታል።

ማረፊያው ሲሠራ የማዶ ሰው በየቀኑ እየወጣ ያይ ነበር። ግንዱ ተተከለ፤ ብረቱ ተበየደ፤ ሳንቃው ተነጠፈ። አረንጓዴው ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲያዝ የታየው በዚያ ሰሞን ነው። የቢሮ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አላመኑም፤ ያዩት ደግሞ ክብደት መቀነሱንም መሰከሩ።

በመጀመሪያው የመሻገሪያ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሚዛኑ፣ ምክትሉ፣ አረንጓዴው፣ የጋብቻ መዝጋቢዋ ሹምና ሚኒስትሯ ራሳቸው ወዲህኛው ዳርቻ ላይ ተሳፈሩ። የመሻገሪያው ጸሐፊ በአዲሱ መለኪያ መሠረት የገባውን ሰው አንድ በአንድ ቆጠረ። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሣ፤ አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር ነፋ። ከዚያ፣ ከስንት ማለዳ በኋላ፣ ገመዱ ተፈታ።

ማዶ ያለው ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው። እህቱ ከአዲሱ ሳንቃ ጫፍ ላይ ቆማለች። የለበሰችው ቀሚስ ነጭ አልነበረም። ቢጫ ነበረበት፣ ሐምራዊ ነበረበት፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ነበረበት። ከሰገነቷ ላይ ያውለበለበቻቸውን ቁራጮች በሙሉ፣ አንዱንም ሳትጥል፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ ሰፍታዋለች። ካፒቴኑ መሪውን እንደያዘ አየና ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ።

«ምን ያለቃቅሰሃል?» አለችው እየወጣች። «ጀልባዋን ከግንዱ ጋር እንዳታላትምብኝ! ገና ትናንት የተሠራ ነው።»

ገበያተኛውም፣ ሐኪም ፈላጊውም፣ አያቶቹም ተሳፈሩና ጀልባዋ ልትመለስ ተነሣች። ወንዙ መሃል ስትደርስ ካፒቴኑ መልሕቁን ጣለ፤ ሞተሩን አጠፋ። ከወዲህም ከወዲያም ያልሆነ ጸጥታ ሰፈነ፤ ውሃው ብቻ የጀልባዋን ጎን ይልሳል። መዝጋቢዋ ጠየቀች፤ ሁለቱ መለሱ። እህቱ «እሺ» ያለችው መዝጋቢዋ ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው። ሰዉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ተቃቀፈ፤ ምክትሉ ሳቋን ለቀቀችው፤ ጀልባዋ ከሥራቸው ተወዛወዘች።

«ከእንግዲህ የት ልትኖሩ ነው? ወዲህ ነው ወዲያ?» አለ ሚዛኑ እህቱን አቅፎ።

«የትስ ብንኖር? አሁን እኮ ጀልባ አለ!»

የመሻገሪያው ጸሐፊ ግን ሰዓቱን እያየ ተጨንቋል። «ጋሼ፣ የመድረሻ ሰዓታችን እኮ አለፈ። ምን ብዬ ልላክ?»

«በሰዓቱ ደርሷል በል!» አለ አረንጓዴው ካፉ አምልጦት፤ ወዲያው ሚኒስትሯን አየና በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ክራቫቱ ለዕለቱ ተብሎ የታሰረ ቀይ ነበር።

«ዘግይቷል በል» አለ ሚዛኑ። «የመዘግየቱ ምክንያት፣ ሠርግ።»

«እንዲህ ያለ ምክንያት በመመሪያው ላይ አለ?» አሉ ሚኒስትሯ።

«ነገ ይገባል።»

እህቱ በቀሚሷ ላይ ያሉትን ቀለሞች በእጇ ዘረጋጋቻቸው። «ታዲያ እኔን በየትኛው ልትቀባኝ ነው?»

ሚዛኑ አያት። ብዙ ያነበበ ሰው ነውና ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ማምጣት ነበረበት፤ ምንም አልመጣለትም። ቃል ሲያጥረው እንዲህ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

«ዝም ብለህ አታፍጥብኝ» አለች፤ «ሰዉ ገበያ ይረፍድበታል። አንተ ሰውዬ፣ በል አስነሣት!»

ካፒቴኑ መልሕቁን ሳበ፤ ሞተሩንም አስነሣ። በዚያች ቅጽበት፣ በአሮጌውም መለኪያ ሆነ በአዲሱ፣ ጀልባዋ አገልግሎት ላይ ነበረች።